እናት ብቻ

ልጄ ግቢያችን ውስጥ እየሮጠች ወድቃ ጉልበቷ የተላጠ ቀን እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ አልርቅም። ተንበርክኬ እጄን ስዘረጋላት፣ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ የጎረቤቴን በር እያየች «አዶት!» ብላ አለቀሰች። አዶት በእኛ ጉራጊኛ እናት ማለት ነው። እኔን የምትጠራኝ እማ ብላ ነው።

ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን ትታ፣ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። ልጄን ብድግ አድርጋ ጉልበቷን እፍ አለችላት።

«የታለች ልጄን የጣለች መሬት? ይቺ ናት? እንኪ! እንኪ!» እያለች መሬቱን በነጠላ ጫማዋ ረገጠችው።

ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔ እንደተንበረከክሁ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ተነስቼ የቀሚሴን አቧራ አራገፍኩ። ሰው ቢያየኝ እኔም የወደቅኩ ይመስለው ነበር።

የምንኖረው ወልቂጤ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ አንድ ግቢ፣ ጎን ለጎን በተከራየናቸው ክፍሎች ነው። እኔ ከአረቅጥ ወደ ላይ ካለ መንደር ነው የመጣሁት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ጫማ ይነግዳል፤ ለመስቀል ይመጣል፣ በመሐል ቀን ካገኘ ደግሞ ብቅ ይላል። እኔ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለች አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ሽሮና ፍርፍር እሠራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

ጎረቤቴ የወልቂጤ ልጅ ናት። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። መጀመሪያ ስንተዋወቅ አንቱ ብያት «አንቱታሽን ለአማትሽ አስቀምጪው» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት ሆነው ይማራሉ። ባሏ ሹፌር ስለሆነ ብዙ ቀን መንገድ ላይ ነው። እሷ በሯ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሰፈሩን ሁሉ ታለብሳለች። ትስቃለች፣ ትጮሃለች፣ አላፊ አግዳሚውን ትጠራለች። እኔ ሱቅ ሄጄ ስኳር ለመጠየቅ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ነኝ።

ስወልድ ሆስፒታል የወሰደችኝ እሷ ናት። ባጃጅ ጠርታ፣ ከኋላ ደግፋኝ፣ ባለባጃጁን «ቀስ በል፣ እንቁላል ነው የጫንከው!» እያለች። ማዋለጃው በር ላይ ነርሷ ዘመዷ ነሽ ወይ ስትላት «እህቷ ነኝ» አለች። እሷ በሂጃቧ፣ እኔ አንገቴ ላይ ማተብ። ነርሷ ሁለታችንንም አይታ ፈገግ አለች፤ ግን ወደ ውስጥ አላስገባቻትም። እስክወልድ ድረስ ከበሩ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ባለቤቴ የደረሰው በማግስቱ ነው።

ሥራ ስጀምር ልጄን ለማን ልተው ብዬ አልተጨነቅኩም። ከተማ ውስጥ ልጅ ማሳደግ ግን ያስፈራኛል። ባጃጅ አለ፣ ሞተር ሳይክል አለ፣ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ አለ፤ ከሁሉም በላይ ሰው አለ። አገር ቤት ልጅ ቢጠፋ የት እንዳለ መንደሩ ያውቃል። እዚህ የልጄን ስም የማያውቅ ሰው በቀን ስንቴ አጠገቧ ያልፋል። ጎረቤቴ ስላለች ነበር ልቤ አርፎ ጉብሬ ላይ ሽሮ የማማስለው።

እንዲህም ሆኖ ቀናሁባት።

ቅናቱ የጀመረው ከጥሩነቷ ነው። ለልጄ ብቻ የተለየች ቀይ ሳህንና አንዲት ትንሽ ድስት ገዝታ ነበር። እሷ ቤት ሥጋ በተሠራ ቀን ለልጄ በዚያች ድስት ሽሮ ወይም እንቁላል ለብቻ ትሠራላታለች። የእኛና የእነሱ ሥጋ እንደማይገናኝ ማንም ሳይነግራት አንድ ቀን አልተሳሳተችም። ረቡዕ ጠዋት «ዛሬ ወተት ልስጣት ወይስ እንደ እናንተ ጾም ነው?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት። «እንዴ፣ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ስጫት» እላለሁ። ልቤ ግን ቀኑ ረቡዕ መሆኑን እኔ ረስቼው እሷ ማስታወሷን ይይዛል።

ዩኒፎርሟን የሰፋችው እሷ ናት። ከታች ሦስት ጊዜ አጥፋ ነው የሰፋችው፣ ልጅቷ ባደገች ቁጥር አንዱን እጥፋት እንድትፈታላት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ልጅሽ እኮ ሁለት ጣት አድጋለች፣ አንዱን ፈታሁት» አለችኝ። አመሰገንኳት። ቤት ገብቼ ልጄን ግድግዳው አጠገብ አቁሜ አየኋት። ማደጓን እኔ አላየሁም ነበር። የልጄን እድገት ከሌላ ሴት አፍ ሰማሁ።

ባለቤቴ ሲደውል «ዛሬ ምን በላሽ?» ይላታል።

«አዶት ጨጨብሳ ሠራችልኝ።»

«ምን ተጫወትሽ?»

«አዶት ቁልፍ ሰጥታኝ ደረደርኩ። ሃያ ሆነ።»

ይስቃል። «ምን ቸገረሽ፣ ሁለት እናት አላት» ይለኛል። እኔ እሱን የማናግርበት ወሬ ያጥረኛል፤ ስልኩን ለልጄ እመልስላታለሁ።

ልጄ በጉራጊኛ ስትቀልድ የሰማኋትም ከጎረቤቴ ጋር ነው። እኔ ትምህርት ቤት እንዳይቸግራት ብዬ ከተወለደች ጀምሮ በአማርኛ ብቻ ነበር የማናግራት። እናቴን የምጠራበትን ስም ለራሴ አላስቀረሁትም ነበር፤ ልጄ አንስታ ለሌላ ሰው ሰጠችው።

ጉልበቷ በተላጠ በሳምንቱ፣ ልጄ የምትማርበት ሙአለ ሕፃናት ወላጆችን ሰበሰበ። በዚያ ሰሞን አንድ የማይታወቅ ሰው ከገበያ ልጅ ይዞ ሊሄድ ሲል ተያዘ እየተባለ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሁላችንም ግን ፈርተናል። መምህርቷ ደብተር ይዛ በተራ ጠየቀችን።

«ከወላጅ ሌላ ልጁን የሚወስድ ሰው ካለ ስሙን አስጽፉ። እዚህ ላይ ያልተጻፈ ሰው፣ አጎትም ቢሆን፣ ልጅ አይሰጠውም።»

አንዷ አያት አስጻፈች፣ አንዷ የቤት ሠራተኛ። ተራዬ ደረሰ። የጎረቤቴ ስም ምላሴ ላይ ነበር። በየቀኑ ልጄን ከዚያ በር የምትወስዳት እሷ ናት፤ መምህርቷ ግን በዚያ ሳምንት አዲስ የገባች ስለሆነች አታውቃትም።

«ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«እናት ብቻ ልበል?»

ራሴን ነቀነቅኩ። «አይዞሽ፣ አትፈሪ» ብላኝ ጻፈች። ሰው ዝም ስል አፍራ ነው ይለኛል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያን ቀን ግን አላፈርኩም። ማፈሬን መደበቂያ አደረግሁት እንጂ።

ማታ ልጄን እያጠብኩ «ከእኔ በቀር ከማንም ጋር ከትምህርት ቤት እንዳትወጪ» አልኳት።

«ከአዶትም?»

«ከእሷም።»

«ለምን?»

«ስላልኩሽ።»



አሠሪዬን ለምኜ ጠዋት ቀደም ብዬ እየገባሁ ስምንት ሰዓት ላይ እንድወጣ ተፈቀደልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ላይ እደርስና ልጄን እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ይዣት ስገባ ጎረቤቴ ልትወጣ ጫማዋን እያደረገች ነበር።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ አባረሩሽ እንዴ?»

«አይ፣ ሰዓት ቀይረውልኝ ነው። ከእንግዲህ እኔ አመጣታለሁ።»

«እሰይ! ተመስገን በይ! ልጅሽን ጥገቢያት።» ከልቧ ነው የተደሰተችልኝ። ብትከፋ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ቀይዋ ሳህን መደርደሪያዋ ላይ ተደፍታ ትታየኝ ነበር። ልጄ በመሐል ወደ እሷ በር ስትሮጥ «ነይ፣ የቤት ሥራሽን» እላታለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ምን የቤት ሥራ አላት! ጎረቤቴ አንድ ሁለቴ አየችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ማንን እንዳሸነፍኩ ግን አላውቅም።

ከዚያ የሰኔ ዝናብ በገባ አንድ ቀን ጉብሬ መኪና ጠፋ። ነዳጅ የለም ተባለ፤ ሚኒባሶቹ ሁሉ ወልቂጤ ማደያ ሰልፍ ላይ ናቸው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስላልነበረ ስልኬ ሞቷል። እስከ ዘጠኝ መንገድ ዳር ቆምኩ። አንድ የጭነት መኪና አላየሁሽም ብሎ አለፈ። በእግሬ ጀመርኩ።

ዝናቡ ሲያይል «ግድ የለም፣ እሷ ትወስዳታለች» ብዬ ልቤ አረፈ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግማሹን ሮጥኩ፣ ግማሹን አለቀስኩ። ልጄ በሩ ላይ ብቻዋን ስትቆም ታየኝ። ዘበኛው በሩን ዘግተው ሲሄዱ፣ እሷ እኔን ፍለጋ አስፋልቱን ስትሻገር፣ አንድ የማላውቀው ሰው እጇን ሲይዝ ታየኝ። ያ ሁሉ የሚሆነው ከሌላ ሰው ክፋት አልነበረም። ልጄንና የሚጠብቃትን ሰው የለየኋቸው እኔ ነኝ። ለጥንቃቄ የተከፈተ ደብተር ላይ ቅናቴን አስጻፍኩ። ወልቂጤ ልደርስ ስል አንድ ባጃጅ አዘነልኝና ጫነኝ።

ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሙአለ ሕፃናቱ የብረት በር ተዘግቷል። ከበሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ በዝናብ የተነከረች ሴት ተቀምጣለች። ጎረቤቴ ናት። ከበሩ ውስጥ፣ ከብረቱ አጠገብ ባለው የዘበኛው ቤት ቆርቆሮ ሥር፣ ልጄ የጎረቤቴን ጃንጥላ ዘርግታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቴ በብረቶቹ መሐል እጇን አስገብታ የልጄን የእግር ጣቶች ይዛ ነበር።

«መጣሽ?» ብላ ተነሳች። «ያ ረቢ! እኔ እኮ መኪና ገጭቷት ይሆን እያልኩ ነበር። ስልክሽ አይሠራ። ደህና ነሽ?»

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እኔ ነው።

ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጩ መጡ። ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ እኔ እንኳ ልሰጣት ነበር» አሉኝ። «ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ይቺን የለበስኳትን ሱሪ የጠገነችልኝ እሷ ናት። መዝገቡ እናት ብቻ ይላል፣ ግን እንዲህ ባለ ዝናብ ምን መዝገብ አለ አልኩ። ልጅቷ ናት እምቢ ያለችው። እማ ከአዶትም ጋር አትሂጂ ብላለች ብላ በሩን ይዛ ጮኸች።»

ጎረቤቴን ለማየት አልቻልኩም።

«ከዚያ ይቺም ከልጅቷ ብሳ ተቆጣችኝ» አሉ ሽማግሌው። «‹እናት ብቻ ከተባለ እናቷ ትምጣ። ዛሬ ለእኔ ብለው ካፈረሱት ነገ ለሌላው ያፈርሱታል› አለችኝ። ገብተሽ ከልጅቷ ጋር ተቀመጪ ብላትም አሻፈረኝ አለች፤ ከገባሁ ልወስዳት መስሏት የበለጠ ትጨነቃለች ብላ። እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ናት!»

«ይተዉ አባባ» አለች ጎረቤቴ። የሂጃቧን ጫፍ ጨመቀችው፤ ውሃው ወረደ። ወደ እኔ ዞረች። «ልጅሽን እንዳትቆጪያት። ያልሻትን ነው ያደረገችው።»



ልጄን ይዤ ወጣሁ። እሷ ቀድማን ትሄድ ነበር። አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ ሲመጣ እንደ ልማዷ ዞራ ልጄን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ልትስባት እጇን ዘረጋች፤ መሐል ላይ መልሳ ሰበሰበችው። በዓይኗ ብቻ «ያዣት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ሁሉ ያ የተሰበሰበ እጅ ነው እስከ ዛሬ የሚታየኝ።

በማግስቱ «እንዴት አደርሽ» አለችኝና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። አንቺ ልጅ አላለችኝም። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ለሰዎች የሚሰፋው የአረፋ ልብስ ተከምሮባት፣ ያን ከሰዓት ድንጋይ ላይ ስላሳለፈችው መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ይንኳኳል። ልጄ በራችን ላይ ቆማ ታያታለች፣ ከዚያ እኔን ታየኛለች፣ አትንቀሳቀስም። ታዛዥ ሆናለች። የፈለግሁት ይህን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙአለ ሕፃናቱ ሄጄ እናቶች ሁሉ እስኪሄዱ ቆየሁ። መምህርቷ ደብተሩን ስትዘጋ «ስም ላስጽፍ» አልኳት። ስሟን ከነአባቷ ስነግራት ቀና ብላ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች።

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ ናት።»

ድምፄ ከፍ ብሎ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ጻፈችው።

በዚያው ዕለት፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ የልጄን ዩኒፎርም በክንዴ ይዤ ወደ ጎረቤቴ በር ሄድኩ። ሌላ መግቢያ አላገኘሁም።

«አጥሯል» አልኳት።

ከመኪናዋ ሳትነሳ አየችው። «አላጠረም። ገና አንድ ወር ያስኬዳታል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ምን ልትዪ ነው የመጣሽው?»

«አስጽፌሻለሁ።»

«የት?»

«መዝገቡ ላይ።»

«እኔ አንቺን በመዝገብ ነው ያወቅኩሽ?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ምን በድዬሽ ነው? ልጅሽን መታሁ? ያልሆነ ነገር አበላኋት?»

«ምንም አልበደልሽም።»

«ታዲያ?»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ። «አዶት ትልሻለች» አልኩ።

«እኔ ያስተማርኳት አይደለም» የምትል መስሎኝ ነበር። አላለችም። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው።

«የእኔ ልጆች የአጎታቸውን ሚስት ምን ብለው እንደሚጠሩ ታውቂያለሽ? እማዬ። ታናሹ ስልክ ላይ እያወራኝ ዞር ብሎ ‹እማዬ፣ ካልሲዬ የታለ› ሲላት ሰማሁ። ዘጋሁበት። ወላሂ፣ ያን ቀን ሁለት ሱሪ አበላሸሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሼ ደወልኩላት፣ ለሴትዮዋ። አመሰገንኳት። ምን ላድርግ? ካልሲውን የምታውቀው እሷ ናት።» ዓይኗን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገች። «አመሰገንኳት ማለት ግን ወደድኳት ማለት እንዳይመስልሽ።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሷ ገና አልሳቀችም።

«ሂጂና ልጅሽን አምጫት» አለችኝ። «እኔ በሌለሁበት የነገርሻትን እዚህ፣ ፊቴ፣ አፍርሺው። አለበለዚያ ልጅቷ እኔን ስታይ ትፈራለች። ልጅ የሚያውቀውን ሰው መፍራት ከለመደ የማያውቀውን እንዴት ይለያል?»

ልጄን አመጣኋት። በሁለታችን መሐል ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ ከአዶት ጋር ትመጫለሽ» አልኳት። ያን ስም ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለምን ያን ጊዜ አትሂጂ አልሽኝ?»

«ስላልኩሽ» ልላት ነበር። ጎረቤቴ ታየኛለች።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

«ቀንቼ ምንድን ነው?»

«አንቺን ለብቻዬ ፈልጌ።»

አሰበችበት። «አሁንስ?»

«አሁን ትንሽ ነው።»

«ውሸቷን ነው፣ ብዙ ነው» አለች ጎረቤቴ፤ ያኔ ሳቀች። ተነስታ ቀይዋን ሳህን ከመደርደሪያው አወረደችና ገለበጠቻት። አቧራ ነበራት። በሂጃቧ ጫፍ ሳይሆን በውሃ አጠበቻት፣ ሁለቴ።

አሁን የሥራ ሰዓቴ ወደ ድሮው ተመልሷል። ጠዋት ሦስታችንም አብረን እንወጣለን፤ እኔ ወደ ሚኒባሱ፣ እነሱ ወደ ሙአለ ሕፃናቱ። ልጄ እጇን ሰጥታት እያወራች ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ አትዞርም። እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ሳልገባ ቆሜ አያለሁ፣ ይቆጠቁጠኛል። መንገዱ ጥግ ያለችው ሱቅ ጋ ሲደርሱ ጎረቤቴ ትቆማለች፤ የልጄን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እኔ ታዞራታለች።

«እማሽን ቻው በያት» ስትላት እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።